አቲክ ውስጥ የገባች ራኩን፤ ይዞ ሌላ ቦታ መልቀቅ በቨርጂኒያ ይፈቀዳል?

ጥያቄ፦ አሌክሳንድሪያ_ጓሮ

ሰላም ለዚህ ቤት። ያለነው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። ቤቱ የራሳችን፣ ለብቻው የቆመ ነው። ከፋሲካ ወዲህ ማታ ማታ ከኮርኒሱ በላይ፣ አቲክ በሚሉት ከጣራው ሥር ባለው ባዶ ቦታ፣ ሰው የሚራመድ እስኪመስል ከባድ ኮቴ ይሰማል፤ ቀን ቀን ደግሞ የጫጩት የሚመስል ቀጭን ጩኸት አለ። ከአሸንዳው ጀርባ የጣራው ጠርዝ ሳንቃ ተገንጥሎ ድመት የሚያሳልፍ ቀዳዳ ተከፍቷል።

የመጣው የተባይ ድርጅት «ራኩን (ዓይኗ ዙሪያ ጥቁር ጭምብል የመሰለ ያላት፣ ከድመት ከፍ ያለች የዱር እንስሳ) ናት፤ በወጥመድ ይዘን ራቅ ያለ ጫካ ወስደን እንለቃታለን» ብሎ 900 ዶላር ጠይቋል። ጎረቤታችን በበኩሉ «ናፍታሌን በትኑበት፣ እምቢ ካለች የአይጥ መርዝ አለ» ይላል። እንስሳዋን ማሠቃየት አንፈልግም፣ ሕግ መጣስም አንፈልግም፤ ጣራችን ግን እየፈረሰ ነው። ወስዶ መልቀቁ ይፈቀዳል? መርዙስ? ራሳችን ማድረግ የምንችለው ምንድን ነው?

መልስ፦ ወፍ_ዘራሽ

እህቴ፣ ከድርጅቱ ልጀምር። በቨርጂኒያ የዱር እንስሳ ይዞ፣ ጭኖ፣ ሌላ ቦታ ወስዶ መልቀቅ ክልክል ነው። ጫካ ይሁን፣ ፓርክ ይሁን፣ የዘመድ እርሻ ይሁን ለውጥ የለውም። በወጥመድ የተያዘች ራኩን ዕጣዋ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ እዚያው በተያዘችበት ግቢ ትለቀቃለች ወይ ትገደላለች። ስለዚህ «ጫካ ወስደን እንለቃታለን» የሚልሽ ሰው ወይ ሕጉን ይጥሳል፣ ወይ ገድሎ አንቺን ለማጽናናት ያወራል። ሁለቱም 900 ዶላር አያስከፍልም። ፈቃዱን እንዲያሳይሽና እንስሳዋን ምን እንደሚያደርጋት በጽሑፍ እንዲሰጥሽ ጠይቂው፤ የብዙዎቹ ወሬ እዚያ ላይ ይቀየራል።

ክልከላው ዝም ብሎ የወጣ አይደለም። የራኩን ሬቢስ፣ ማለትም በራኩኖች መካከል የሚዛመተው የእብድ ውሻ በሽታ፣ ድሮ ፍሎሪዳና አካባቢዋ ተወስኖ የኖረ ነበር። በፈረንጆቹ 1970ዎቹ አዳኞች ማደኛ እንዲሆናቸው ከደቡብ ራኩን እየጫኑ ወደዚህ አመጡ። በ1977 በሽታው በቨርጂኒያና በዌስት ቨርጂኒያ ወሰን አካባቢ ታየ፤ ከዚያ ምሥራቁን ጠረፍ ይዞ ሽቅብ ሄዶ ካናዳ ደረሰ። በጥቂት መኪና የተጫነ እንስሳ ይህን ሁሉ አመጣ። ደግሞም የማታውቀው አካባቢ የተጣለች ራኩን ምግቡንም መጠለያውንም አታውቅም፤ እዚያ የነበሩት ያባርሯታል፣ መንገድ ላይ መኪና ያገኛታል። ለሰው «ነጻ አወጣናት» ይመስላል እንጂ ለእሷ አይደለም።

መርዙን በተመለከተ አጭሩ መልስ አይሆንም ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ የዱር እንስሳ ለመግደል መርዝ ማስቀመጥ የተከለከለ ሲሆን፣ ከክልከላው ውጭ የሆነው በገዛ ግቢሽ ያለ አይጥ ብቻ ነው። ለራኩን ተብሎ የተመዘገበ መርዝም የለም። የተባይ ማጥፊያ እሽግ ላይ የተጻፈው መመሪያ በፌዴራል ደረጃ እንደ ሕግ ይቆጠራል፤ «ለአይጥ» የተባለውን ለሌላ እንስሳ ማዋል በራሱ ጥፋት ነው። ናፍታሌንም እዚሁ ውስጥ ይወድቃል። የተመዘገበው በተዘጋ ሣጥን ውስጥ ልብስን ከብል ለመከላከል ነው፤ አቲክ ላይ ሲበተን ራኩኗ ወደ ጎን ገፋ አድርጋው ትተኛለች፣ ጭሱን የምትተነፍሱት ከኮርኒሱ ሥር ያላችሁት ናችሁ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ስለሆነ። ሕጉ ሁሉንም «ተባይ» በአንድ ቅርጫት አያስገባም። የቤት አይጥ፣ እርግብ፣ ስታርሊንግ የምትባለው ወፍ፣ የቤት ድንቢጥ፣ ግራውንድሆግ (ጉድጓድ ቆፋሪ እንስሳ) እና ኮዮቲ (ቀበሮ መሰል አውሬ) በቨርጂኒያ ደንብ አስቸጋሪ ዝርያ ተብለው ተዘርዝረዋል። ራኩን፣ ቀበሮ፣ ስከንክና ኦፖሰም ግን ለጸጉራቸው ከሚታደኑት ምድብ ናቸው፤ ግራጫው ስኩዊረል የአደን እንስሳ ነው። ጭስ ማውጫ ውስጥ ጎጆ የምትሠራ ወፍ ደግሞ በ1918ቱ የፌዴራል የስደተኛ ወፎች ስምምነት ሕግ የተጠበቀች ናት፤ እንቁላል ወይም ጫጩት ያለበት ጎጆ አይነካም። ስለዚህ ማንነቱን ሳታውቂ እጅ አትሰንዝሪ። የግዛቱ የዱር እንስሳት ሀብት መምሪያ እንዲህ ላለው ጉዳይ ነጻ የስልክ መስመር አለው፤ ወጥመድ ከመትከል በፊት እነሱን ማናገር ነው።

ወጥመድ የተተከለ እንደሆነም በየቀኑ መታየት አለበት። ዓርብ ተክሎ ሰኞ የሚመጣ ድርጅት ሕግ ጥሷል፤ በሙቀት ጣራ ላይ ሽቦ ሣጥን ውስጥ ሦስት ቀን ምን እንደሚመስል መገመት አያቅትም።

መልስ፦ ትራፓኖ

ሕጉን ወፍ_ዘራሽ ጨርሶታል። እኔ ሥራውን ልንገርሽ።

የጫጩት ድምፅ ያልሽው ግልገሎች ናቸው። ራኩን እዚህ አካባቢ የምትወልደው በብዛት ኤፕሪል ውስጥ ነው፤ ከሦስት እስከ አምስት። ዓይናቸው ለመገለጥ ሦስት ሳምንት ያህል ይፈጃል፤ ከእናታቸው ጋር ወጥተው መዞር የሚጀምሩት ከ8 እስከ 10 ሳምንት ሲሞላቸው ነው። አሁን እናቲቱን ብቻ የያዘ ሰው ግልገሎቹን ኮርኒስሽ ላይ ለረኃብ ጥሏቸው ይሄዳል። ቀዳዳውን ዛሬ የደፈነ ደግሞ ከውስጥ ካስቀራት ጣራውን ቀዳ ትወጣለች፤ ከውጭ ካስቀራት ወደ ልጆቿ ለመግባት ቀዳ ትገባለች። በእጇ ሺንግል (የጣራ ክዳን) ትልጣለች፣ የበሰበሰ ሳንቃ እንደ ድፎ ዳቦ ትቆርሳለች። የተበላሸ ጣራ የማየው ሰዎች ቸኩለው ከደፈኑ በኋላ ነው።

ያለሽ ምርጫ ሁለት ነው። አንደኛው መታገሥ። እስከ ጁን መጨረሻ ብትተዪአት ግልገሎቹን ይዛ በራሷ ትወጣለች። ሽታውና ኢንሱሌሽኑ (ሙቀት ማገጃው ንጣፍ) ላይ የሚደርሰው ጉዳት ይጨምራል፤ ሌላ ብዙ ጣጣ የለውም። ኮርኒሱ ላይ ውኃ የሚመስል እድፍ ካላየሽና የኤሌክትሪክ ገመድ በዚያ በኩል ካላለፈ፣ እኔ ብሆን ይኼን ነበር የምመርጠው።

ሁለተኛው እንድትሰለች አድርጎ ማስወጣት ነው። ራኩን አንድ መውለጃ ብቻ አይኖራትም፤ በአካባቢው ሌላ ጉድጓድ ወይም የዛፍ ሽንቁር ታውቃለች። ከዚህ የተመቻት ጨለማው፣ ጸጥታውና ሙቀቱ ስለሆነ እሱን ትነሻታለሽ። በአቲኩ በር በኩል ጠንካራ የኤልኢዲ መብራት አስገብተሽ ወደ ማደሪያዋ አዙሪው፤ ቀንም ሌሊትም ይብራ። ሰው የሚያወራበት ሬዲዮ ክፈቺ፤ ሙዚቃን ቶሎ ትለምደዋለች፣ የሰው ንግግር ግን አይመቻትም። ኮምጣጤ የተነከረ ጨርቅ በሣህን አድርገሽ በአቲኩ በር አጠገብ አስቀምጪ እንጂ መውጫዋ ላይ አታድርጊ፤ የሚሸትተው ነገር ከኋላዋ ሆኖ ወደ ቀዳዳው እንዲገፋት ነው። አሞኒያ የሚሉሽን አትስሚ። ገና ዓይናቸው ያልተገለጠ ግልገሎች ከዚያ ጭስ መሸሽ አይችሉም፣ ሳንባቸው ይቃጠላል።

ከዚያ ሁለት ሦስት ሌሊት ስጫት። ልጆቿን እንደ ድመት በአፏ እያንጠለጠለች አንድ በአንድ ነው የምታመላልሰው። ዝናብ ወይም ብርድ ካለ ትዘገያለች፤ ስለዚህ የአየሩን ትንበያ አይተሽ ጀምሪ።

መውጣቷን ማወቂያው ጋዜጣ ነው። ቀዳዳውን በተጨማደደ ጋዜጣ ልል አድርገሽ ውተፊው። ሦስት ሌሊት ሳይነካ ከቆየና ድምፅ ከሌለ ባዶ ነው። በባትሪ ገብታችሁ አረጋግጡ፤ የእናትየው ድምፅ ጠፋ ማለት ግልገል የለም ማለት አይደለም። የአንድ አቅጣጫ በር የሚሉት፣ ወደ ውጭ የሚከፈት ወደ ውስጥ የማይከፈት የሽቦ መዝጊያ አለ፤ ጥሩ ነገር ነው፣ ግን ግልገሎቹ በእግራቸው መሄድ ሲችሉ ብቻ። ከዚያ በፊት ከተገጠመ እናትየው ትወጣለች፣ እነሱ ይቀራሉ፤ እሷም መመለሻ ስታጣ ሌላ ቦታ ትቀዳለች።

መልስ፦ ጎጆ_ወጪ

ሁሉም ልክ ነው፣ ግን እንነጋገር እንጂ፤ 900 ዶላር ከፍሎ በአንድ ቀን መገላገል ሲቻል ሁለት ወር ከራኩን ጋር መኖር ምንድን ነው? ጫካ ወሰዷት አልወሰዷት ማን ያያል?

መልስ፦ ወፍ_ዘራሽ

ማንም አያይም እንበል። የምትገላገለው ግን ምኑን ነው? እናቲቱ ሄደች፤ አራት ግልገል ኢንሱሌሽን ውስጥ ሞተ። ከሳምንት በኋላ ሽታው ኮርኒሱን ሰንጥቆ ይወርዳል፣ ዝንቡ ይከተላል፣ ያን ለማውጣት ኮርኒሱ ይቀደዳል። ቀዳዳው አሁንም ክፍት ነው፤ ሽታው የሚቀጥለውን ራኩን ይጠራል። ድርጅቱም በመጸው ተመልሶ ሌላ ደረሰኝ ይጽፍልሃል። ገንዘቡ መውጣት ያለበት በቀዳዳው ላይ እንጂ በእንስሳዋ ላይ አይደለም።

የያዙትን በባልዲ ውኃ ወይም ወጥመዱን በርሜል ውስጥ ነክሮ መግደልም እንደ ቀላል ነገር ሲወራ እሰማለሁ። የአሜሪካ የእንስሳት ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ በውኃ ማስጠምን ተቀባይነት ካለው አገዳደል አይቆጥረውም። በቨርጂኒያ በእንስሳ ላይ ጭካኔ መፈጸም አንደኛ ደረጃ ቀላል ወንጀል ተብሎ እስከ 12 ወር እስራትና እስከ 2,500 ዶላር ሊያስቀጣ ይችላል። ለ900 ዶላሩ ብለህ እዚያ አትግባ።

መልስ፦ የከብት_ሐኪም

ስለ ጤናው ጥቂት ልበል፤ ለጠያቂዋ ነው፣ እርስዎ እያልኩ እጽፋለሁ።

ከሁሉ በፊት ግልገሎቹን በባዶ እጅ ማንም እንዳይነካ፤ በተለይ ልጆች። የሚያሳዝኑ ናቸውና እጅ ይሰነዘራል። ውሻ ሰው ሲነክስ 10 ቀን ተይዞ ይታያል፤ ለራኩን ግን እንዲህ ያለ የመጠበቂያ ጊዜ የለም። ሰው ከነከሰች ወይም ምራቋ ቁስል ከነካ እንስሳዋ ተገድላ አንጎሏ ይመረመራል። አንዲት ጭረት ግልገሉን ለሞት ትዳርጋለች ማለት ነው። ንክሻ ወይም ጭረት ካጋጠመ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ይጠቡ፤ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይሂዱና ለአካባቢው ጤና ቢሮ ይነገር። ቀድሞ ክትባቱን ላልወሰደ ሰው ሕክምናው አንድ ጊዜ ኢሙኖግሎቡሊን (ተዘጋጅቶ የሚሰጥ የበሽታ መከላከያ መርፌ) እና በመጀመሪያው፣ በ3ኛው፣ በ7ኛውና በ14ኛው ቀን አራት ክትባት ነው። ድሮ አገር ቤት ሆድ ላይ በየቀኑ ይወጋ የነበረውን የሚያስታውሱ ወላጆች ካሉ ያረጋጓቸው፤ አሁን ክንድ ላይ ነው። ምልክቱ ከታየ በኋላ ግን መድኃኒት የለውም፤ ስለዚህ «እስቲ ልየው» አይባልም።

ውሻ ወይም ድመት ካለዎት ክትባታቸውን ይዩ። ቨርጂኒያ ከ4 ወር በላይ የሆነ ውሻና ድመት ሁሉ እንዲከተብ ታስገድዳለች። ያልተከተበ ውሻ ከራኩን ጋር ከተናከሰ ለወራት ተለይቶ ይቀመጣል ወይም ይገደላል።

ሁለተኛው፣ ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ኩሷ ነው። ራኩን አንድ ቦታ መርጣ እዚያው ደጋግማ ትጸዳዳለች። ውስጡ የክብ ትል እንቁላል ይኖራል፤ ሰው ከዋጠው ትሉ ወደ ዓይንና ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላል። እንቁላሉ በሽታ የሚያስይዝ ለመሆን ከ2 እስከ 4 ሳምንት ስለሚፈጅበት ትኩሱን ቶሎ ማንሳት ይረዳል፤ የከረመው ግን አደገኛ ነው። በረኪና አይገድለውም። የሚገድለው የፈላ ውኃ ነው። አቲክ ላይ ሲሠሩ ኤን95 ማስክ፣ የጎማ ጓንትና የጎማ ጫማ ያድርጉ። ደረቁን አይጥረጉ፤ መጀመሪያ በውኃ ርጩት አርጥበው አቧራውን ያስተኙ፣ ከዚያ ከነኢንሱሌሽኑ በአካፋ አንስተው በሁለት ከረጢት አጥብቀው ያሰሩና ከቆሻሻ ጋር ይጣሉት። የፈላው ውኃ ለእንጨቱና ለአካፋው ነው፤ ጂፕሰም ኮርኒስ ላይ ከደፉት በምትኩ ኮርኒስ ይገዛሉ።

ቀን ላይ ራኩን ስለታየች ብቻ አብዳለች ማለት አይደለም። የምታጠባ እናት ስለሚርባት ቀንም ትወጣለች። የምትንገዳገድ፣ የኋላ እግሯን የምትጎትት፣ ሰው ሲቀርባት የማትሸሽ ከሆነች ግን ራቁና የከተማውን የእንስሳት ቁጥጥር ጥሩ።

መልስ፦ ሲልቨር_ስፕሪንግ_ማዶ

ከወንዙ ወዲህ ላላችሁ፦ ሜሪላንድም ራኩን፣ ቀበሮና ስከንክ ሌላ ቦታ ወስዶ መልቀቅ አትፈቅድም፤ ቤታችሁ የገባ ራኩን ወይም ስኩዊረል በራሳችሁ ወጥመድ ልትይዙ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ፈቃድ ማውጣት ያስፈልጋል። ዲሲ የራሱ ሕግ አለው፤ የ2010ሩ የዱር እንስሳት ጥበቃ ሕግ የዱር እንስሳ ከቤት በማስወጣት ሥራ የሚተዳደሩትን ድርጅቶች ይመለከታል። በሙጫ የሚያጣብቅ፣ እግር የሚነክስና አካል የሚጨፈልቅ ወጥመድ ይከለክላቸዋል፤ የተከሉትን በየ24 ሰዓቱ እንዲያዩ ያዛል። የቤት አይጥ ግን ከዚህ ውጭ ነው።

የሌሊት ወፍ ከሆነ የገባው ጊዜው ሌላ ነው። ከሜይ አጋማሽ እስከ ኦገስት መጨረሻ መብረር የማይችሉ ልጆች ስላሉ መግቢያቸው አይዘጋም። ስድስት ሚሊሜትር ያህል ስንጥቅ ይበቃቸዋል። ሰው በተኛበት ክፍል ወይም ሕፃን ብቻውን ባለበት የሌሊት ወፍ ከተገኘ አትልቀቁት፤ ንክሻው ላይታይ ይችላል። ወፍራም ጓንት አድርጋችሁ በቆርቆሮ ጣሳ ክደኑት፣ ከሥሩ ካርቶን አስገቡና ለጤና ቢሮ ደውሉ። ለምርመራ አንጎሉ ስለሚፈለግ ጭንቅላቱን እንዳትጨፈልቁት።

ኮንዶ ወይም ታውንሃውስ ያላችሁ፣ ጣራው የማን እንደሆነ ከማኅበሩ ውል እዩ። ተከራይ ከሆናችሁ ለአከራዩ በጽሑፍ ነው፤ በስልክ የተነገረ ነገር በኋላ የለም ይባላል።

አሌክሳንድሪያ_ጓሮ

እግዚአብሔር ይስጥልን። ድርጅቱን «በጽሑፍ ስጠን» ስንለው መልሶ አልደወለም። ሬዲዮና መብራቱን ልንሞክር ነው። ሁለት ነገር ቀረኝ፤ ከወጣች በኋላ ቀዳዳውን በምን እንድፈነው? የቤት ኢንሹራንስስ ይከፍላል?

መልስ፦ ትራፓኖ

ፎም አትርጪበት፤ እንደ ኬክ ትበላዋለች። የዶሮ ሽቦም በእጇ ትቀደዋለች። የምትገዢው ጋልቫናይዝድ የሆነ፣ በፋብሪካ የተበየደ የሽቦ ወንፊት ነው፤ ዓይኑ ግማሽ ኢንች፣ ውፍረቱ 16 ጌጅ። ሱቅ ውስጥ በብዛት የሚደረደረው 19 ጌጅ ለስኩዊረል ይሆናል፣ ለራኩን ይሳሳል። ቁጥሩ ሲያንስ ሽቦው እንደሚወፍር እንዳትረሺ።

መጀመሪያ የበሰበሰውን ሳንቃ አውጥታችሁ በአዲስ ተኩ። ሽቦ በበሰበሰ እንጨት ላይ መምታት ከንቱ ነው፤ ቪቴው ከነሥጋው ይነቀላል። ወንፊቱን ከቀዳዳው ጠርዝ በየአቅጣጫው ቢያንስ 4 ኢንች ተርፎ እንዲያልፍ ቁረጡት፤ በፒንሳ ጫፉን ወደ ውስጥ እጠፉት። በስቴፕለር አይደለም የሚያያዘው። በትራፓኖ ቀዳዳ እየከፈታችሁ፣ ኢንች ተኩል ቪቴ በሰፊ ሮንዴላ፣ በየ3 ኢንቹ። ሮንዴላው የሽቦውን ዓይን ካልሸፈነ ቪቴው ሾልኮ ይወጣል፤ ይህችን ትንሽ ነገር ሰው ይዘላትና ሥራው በሳምንት ይፈርሳል። ከላይ ላሜራ ብታለብሱት ጣቷን የምታስገባበት ታጣለች፣ ዝናብም አይገባም።

ያን ስትጨርሱ ቤቱን ዙሩት። የጣራ አየር ማስወጫዎች ፕላስቲክ ክዳን ካላቸው በብረት ይተኩ፤ ለጭስ ማውጫው አይዝጌ ብረት ክዳን ይግባለት፣ ውስጡ ወፍም ራኩንም አለመኖሩ ከታየ በኋላ። ጣራው ላይ የተንጠለጠለውን ቅርንጫፍ ከጣራው ከ6 እስከ 8 ጫማ እስኪርቅ ቁረጡ። የቆሻሻ ገንዳው ክዳን ይታሰር፣ የውሻ ምግብ ውጭ አይደር።

ኢንሹራንሱን በተመለከተ ውላችሁን አንብቡ። አብዛኛው ውል አይጥና ስኩዊረል ያሉበት የቆርጣሚ እንስሳት (ሮደንት) ወገን ላደረሰው ጉዳት አይከፍልም። ራኩን ከዚያ ወገን አይደለችም፤ አንዳንዱ ውል ለቀደደችው ጣራ ሲከፍል ላረከሰችው ኢንሱሌሽን አይከፍልም፣ አንዳንዱ የማንኛውንም እንስሳ ማደሪያና ኩስ ጠቅልሎ ያወጣዋል። ከመጠገናችሁ በፊት ቀዳዳውን፣ የጥፍሯን ጭረትና ኢንሱሌሽኑን ፎቶ አንሱ፤ ከተጠገነ በኋላ የሚመጣ ገምጋሚ የሚያየው አዲስ ሳንቃ ብቻ ነው።

ከደፈናችሁ በኋላ ደግሞ በማግስቱና በሦስተኛው ማታ፣ ከመሸ፣ ኮርኒሱ ሥር ቆማችሁ ጆሮ ስጡ። ጩኸት ከተሰማ ሽቦውን በዚያው ሌሊት አንሱት።